ጣቴ ላይ ያለው የእናታችን ቁጥር

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ካየሁሽ ጀምሮ እንደምን ከርመሻል? የተቃጠለው እጅሽስ እንዴት ሆነ? ፋሻውን ፈታሽው ወይስ አሁንም ጣቶችሽን አጣብቆ ይዟቸዋል? ባለቤትሽን ወገቡ ተሻለው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? ትንሹስ አሁንም የግራ ጫማውን በቀኝ ነው የሚያደርገው? እኔ ለራሴ ደህና ነኝ። ምን ያህል ደህና እንደሆንኩ ደግሞ ከማንም ይበልጥ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። ለጊዜው ግን ቆመሽ ከሆነ እባክሽ ወንበር ሳቢና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

በቀን አራት ጊዜ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። እኔም ከጻፍኩ ዘመን የለኝም፤ ብዕሩን የያዝኩት እንደ መቀስ ነው፣ ፊደሌ ከተንጋደደ ይቅር በይኝ። የተቀመጥኩት ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ሰው አይመጣም፣ በሩንም ገርበብ አድርጌዋለሁ። ከግድግዳው ማዶ እማዬ ተኝታለች፤ የኦክስጅን ማሽኑ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ፊት ለፊቴ ያ ትልቅ መስታወት አለ። ቀና ባልኩ ቁጥር የራሴን ፊት ስለማይ ዛሬ መዋሸት አልሆነልኝም።

ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ እትዬ መርፌ ናቸው። አንቺ ያለሽበት ከተማ የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ቅዳሜ ይነሳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ ቤትሽ ድረስ መጥተው በእጅሽ እንዲሰጡሽና አንብበሽ እስክትጨርሺ ከአጠገብሽ እንዳይነሱ ለምኛቸዋለሁ። ምን የሚያህል ጉድ ብትጽፍላት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ሻንጣቸውን ማስተካከል ቀጠሉ። አሁን አጠገብሽ ካሉ ሻይ ስጫቸው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ እግራቸውም ያብጣል።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ስላስማለችኝ ነው። የአባዬን ነገር መቼም አልረሳሽውም። እኛ እዚህ ማን ይንገራት፣ እንዴት ይነገራት፣ ባሏ ከሥራ እስኪገባ እንጠብቅ እያልን ስንመካከር፣ አንዱ ዘመዳችን ተቻኩሎ የአባዬን ፎቶ ከሻማ ጋር በስልክ ለጠፈው። አንቺም የምትሠሪበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍሽ ስልክሽን አየት ብታደርጊ የገዛ አባትሽን ከሻማው ጎን አገኘሽው። ቋንቋሽን የማይሰሙ ሴቶች መሃል፣ እርጥብ አንሶላ ላይ ተቀምጠሽ እንዳለቀስሽ ስትነግሪን፣ እማዬ ከራሷ ሐዘን ይልቅ በዚያ አንጀቷ ተቃጠለ። ቢብስብኝም ብሞትም ለልጄ በስልክ እንዳትነግራት ብላ ያስማለችኝ ያን ጊዜ ነው። እኔም ማልኩ። ደብዳቤ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ግን ሁለታችንም ዘንግተነው ነበር። በዚህች ቀዳዳ ሾልኬ መውጣቴ ነው እንግዲህ። ፈሪነቴን ታውቂው የለ፣ በልጅነታችንም ብርጭቆ ስሰብር የምናዘዘው ላንቺ ነበር፣ ለእሷ የምትነግሪልኝ አንቺ።

ስልክ እንደሆነ ሐዘን የሚባል ነገር አይገባውም። ባለፈው ወር የእማዬ ስልክ ደወል አሰማና፣ ዛሬ የባለቤትሽ ልደት ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ በይው አላት። እኔ ደንግጬ ልነጥቃት ስል እሷ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሱ ራሱ በሕይወት እያለ ልደቱን አንድ ቀን እንኳ አስታውሶት አያውቅም ብላ ሳቀች። በቤተሰባችን የመልእክት መለዋወጫ ላይ ስሙ እስከ ዛሬ አለ፤ ማናችንም ደፍረን አላስወጣነውም። አንዳንዴ እማዬ፣ አባትህ ግን ይህን ሁሉ የምንጽፈውን ያነበዋል እንዴ ትለኛለች፣ የቀልድ አስመስላ። እኔም ትራሷን አስተካክላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስፈራ ዙሪያውን እንደምዞር ታውቂያለሽ።

ያቺን ጣት ላይ የምትደረግ መቆንጠጫ ስትልኪልን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የደሟን ኦክስጅንና የልቧን ምት በየደቂቃው ቆጥራ በእማዬ ስልክ በኩል እዚያ አንቺ ዘንድ ታደርሳለች ብለሽ ስታስረጂን እማዬ አላመነችም። አንቺ ከዚያ ሆነሽ ቁጥሩን ስትነግሪያት ግን ጣቷን ብድግ አድርጋ፣ ልጄ እጄን ይዛኛለች ማለት ጀመረች። ሰው በመጣ ቁጥር ታሳይ ነበር። ዘጠና ሁለት ስትይን ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አንድ ስትይን ዘጠና አንድ፣ ቤቱ ውስጥ የአየር ሁኔታ ዘገባ ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሰማንያ ሰባት። በወረደ ቁጥር ትደውያለሽ፤ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ለመናገር ትንፋሿን ታባክናለች፤ ትንፋሿ ሲባክን ቁጥሩ ይብሱን ይወርዳል። ምሳ የምትገቢበትን ሰዓት አጥንታ፣ ስልክሽን ከማየትሽ በፊት ትራሷን ደገፍ ብላ አየር በረጅሙ መሳብ ጀምራ ነበር። ለፈተና እንደሚዘጋጅ ተማሪ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ እጅሽ ተቃጠለ። ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት ገብቶ ስልክሽ የሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ሲጮህ፣ አየዋለሁ ስትይ ሌላው እጅሽ መተኮሻ ማሽኑ ስር ቀረ። አንቺ ትንሽ ነገር ናት ብለሽ ስቀሽ ነገርሽን፤ ሴት ልጅሽ ግን ፎቶውን ልካልኝ ነበር፣ እማዬም ከትከሻዬ በላይ አየችው። በኋላ መቆንጠጫዋን ከጣቷ ላይ አወለቀችና ወደ እኔ ዘረጋቻት።

«በእኔ ጣት የእሷ እጅ አይቃጠልም። አንተ አድርገው።»

እታለም፣ እኔም አደረግኩት። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ስታዪው የሰነበትሽው ቁጥር የእኔ ነው። ዘጠና ሰባቱ የእኔ ነው። እማዬ አልተሻላትም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ፣ ወንበሮቹን ጠርጌ፣ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠርጌ ነው የተመለስኩት። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር፤ እጅሽ እስኪረጋ፣ አንድ ሌሊት እንድትተኚ። ነገር ግን ወዲያው ደወልሽ። አዲሱ መድኃኒት ሠራ፣ እናቴ ዳነችልኝ ብለሽ በደስታ አለቀስሽ። እማዬ ድምፅሽን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደፈካ ብታዪ እኔን ለመውቀስ ጥቂት ትዘገዪ ነበር። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን ሁለታችንም ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ እኔ ጣቴን ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥቃዬ የሚያስቅም ነው። የእማዬን ስልክ ሽርጤ ኪስ አድርጌ፣ መቆንጠጫዋን የግራ እጄ ትንሿ ጣት ላይ ሰክቼ ነው ፀጉር የማስተካክለው። አንዱ ደንበኛ አዲስ የመጣ ፋሽን ነው እንዴ አለኝ፤ አዎን፣ ያላገባ ሰው የሚያደርገው ነው አልኩት። ያን ቀን የእማዬ ልብ ምት መቶ ሃያ ገባ ብለሽ እየተርበደበድሽ የደወልሽው ኳስ እያየሁ ነበር። ምን ልበልሽ? እማዬ በጨዋታ ስቃ ነው አልኩሽ፣ እናታችን በሕይወት ዘመኗ ኳስ አይታ የማታውቅ ሴት። አንቺም ሐኪሙን በስልክ ጠይቀሽ፣ ሳቅ ለልብ ጥሩ ነው አለኝ ብለሽ አስደሰትሽን። ገላዬን ስታጠብ ቁጥሩ ሲጠፋብሽ እማዬ እየታጠበች ነው እላለሁ። እንደ እሷ በልቼ እንደ እሷ ለመተኛት ስሞክር ቆየሁ። ጠዋት ስነቃ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ትንፋሼን መቁጠር ለምዶብኛል።

ሳቁ የቀረው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ልመጣበት የነበረውን ፈቃድ በአራት ወር አስተላልፌዋለሁ፣ እናቴ ከተሻላት ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ አብረን እንመጣለን ያልሽን ጊዜ። እማዬ ጎበዝ፣ ሥራሽን አትጪ አለችሽ። ድምፅዋ አንድም ሳይንቀጠቀጥ። እኔ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ወር እኮ ነው ያልሽው።

ማክሰኞ እማዬን ቤት ድረስ እየመጣች የምትከታተላት ነርስ ስትመጣ መቆንጠጫዋን ጣቴ ላይ አየቻት። ምን ትሠራለች እዚህ አለችኝ። ከመናገር በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ የደንበኛ ወንበር ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። የእማዬን በራሷ መሣሪያ ለክታ ነበር፤ ማሽኑ ሙሉ አየር እየሰጣትም ሰማንያ አንድ ነው። ሳንባዋ ከዚህ በላይ መቀበል አልቻለም፣ ሆስፒታል ብትገባም የሚጨመርላት ቱቦ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ቤቴን ብላለች አለችኝ። ሕመም እንዳይሰማት የሚሆነውን መድኃኒት አሳየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን እየዘጋች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እህትህ የምትመጣ ከሆነ አሁን ትምጣ። ከእንግዲህ በሳምንት ነው የምንቆጥረው፣ በወር አይደለም።»

ከማክሰኞ ወዲህ ሰው አልባልም። የማሽኑ ድምፅ ትንሽ በተቀየረ ቁጥር መቀሱን አየር ላይ አቁሜ ስለማዳምጥ ደንበኛ ጆሮውን በእጁ ይሸፍናል። መብራት ይጠፋ ይሆን ብዬ አምፖሉን አያለሁ። ውሃ ላቀብላት ገብቼ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳላረጋግጥ አልወጣም። እሷ ደግሞ ታውቅብኛለች፣ አለሁ አለሁ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ ትለኛለች።

ቢሆንም መሐላዬን እስከ ትናንት ጠብቄ ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጓት ሳለ ልብሷን ላጣጥፍ ገባሁ። ዓይኗን ከደን እንዳደረገች፣ በቀስታ፣ ያን የማይገፋ ሰውነቷን በክርኗ እየገፋች ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አልጋው ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። ብርድ ልብሱንም ገለጥ አደረገችው።

«ነይ እንጂ ተኚ። ደክሞሻል እኮ» አለች።

እኔን አልነበረም። እኔን አንቺ ብላኝ አታውቅም። ስትነቃ፣ እማዬ ማንን ነው የጠራሽው ብላት፣ ማንንም አልጠራሁም፣ አንተ ደግሞ ነገር ትፈልጋለህ ብላ ተቆጣችኝ። ይሁን እንጂ ከግድግዳው አልተመለሰችም። እስካሁንም እዚያው ጥግ እንደተጠጋች ናት፤ ወደ መሃል ላድርግሽ ብላት እንዲህ ይመቸኛል ትላለች። እታለም፣ አፏ አትምጣ የሚለው ላንቺ ሥራና ለልጆችሽ ብሎ ነው። መምጣትሽን ትፈልጋለች። እኔም እፈልጋለሁ። ብቻዬን አልችለውም።

ምናልባት በስልክ አያታለሁ፣ በስልክ አዋራታለሁ ትዪ ይሆናል። ያቺ አብራሽ የምትሠራዋን ሴት አስቢያት። የእናቷን ቀብር ስልኳን የሳሙና ጣሳ ላይ አስደግፋ ስታይ፣ መሃሉ ላይ መስመሩ ተቆረጠ፤ መልሶ ሲገናኝ አፈሩ አልቆ ሰው ወደ ቤቱ እየተበተነ ነበር አላልሽኝም? ከዚያ ወዲያ ያንን ጣሳ በእግሯ ገፍታ መደርደሪያ ስር ደበቀችው ብለሽኛል። አንቺ እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈልግም። እኔም አልጋው አጠገብ ስልክ ዘርግቼ የምቆም ሰው መሆን አልችልም፤ ሁለቱም እጆቼ ያን ቀን ያስፈልጉኛል።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢልኝ። እትዬ መርፌ ይህን ደብዳቤ ከመስጠታቸው በፊት ለእኔ ደውለው እንዲጠይቁኝ ተስማምተናል። አንድ ነገር ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን አይሰጡሽም ነበር፤ በሌላ ወሬ ነበር የሚመጡት። ስለዚህ ወረቀቱ እጅሽ ከገባ እማዬ አለች ማለት ነው። እስከዚህ መስመር ስታነቢ ልብሽ ቆሞ ከሆነ አሁን ተንፍሺ።

ሁለተኛው ነገር፣ እሑድ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ይህን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ መቆንጠጫዋን ከጣቴ አውልቄ ወደ እማዬ ጣት እመልሳታለሁ። ስልክሽ ይጮሃል። ዘጠና ሰባት የነበረው ሰማንያ ሲሆን ታያለሽ፣ ምናልባትም ከዚያ በታች። በዚያች ደቂቃ አዲስ ነገር የሆነ እንዳይመስልሽ። እሷ አሥራ ምናምን ቀን እዚያው ነበረች፤ የሚወርደው የእኔ ውሸት ነው። ድምፁን አጥፊው፣ አትደውዪልን። ብትደውዪ እሷ ፊት ምን እንደምል አላውቅም፣ እሷም ለአንቺ ስትል ያላትን ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። የምትነሺበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ። ፈቃዱን እንዴት እንደምትመልሺው አላውቅም፤ አለቃሽ እግር ስር መውደቅም ካስፈለገ ውደቂ፣ በኋላ አብረን እናፍራለን። ትንሹን ባለቤትሽ ይያዘው፣ ትልቋ ራሷን ችላለች።

እኔን ለመቆጣት ጊዜ ይኖርሻል። ስትመጪ የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ የፈለግሽውን በይኝ፣ አልመልስልሽም። የደስታ አሥራ ሁለት ቀን ሰጠሁሽ ብዬ ራሴን ሳጽናና፣ ዞር ብዬ ደግሞ የመምጫሽን አሥራ ሁለት ቀን ሰረቅኩሽ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ይህን ስጽፍልሽም እንኳ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ የእናቴ ልብ ዛሬ ለምን እንዲህ ይሮጣል ብለሽ። ምንም አልመለስኩልሽም። ከዛሬ በኋላ በእሷ ስም አንድ ቃል አልዋሽሽም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡ ሳይድን ዕቃ እንዳያነሳ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ስለ ፎቶው አልተቀየምኳትም በያት፣ እውነቱን የነገረችን እሷ ብቻ ናት። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ጫማውንም እንዳመቸው ያድርግ ተዪው። ከዚህ ወገን ነርሷ ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች፤ ስምሽን ከእማዬ አፍ ስለማታጣው የምታውቅሽ ነው የሚመስላት። የእትዬ መርፌን ሰላምታ ከራሳቸው ሰምተሻል።

የእማዬን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልሽም። ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ያላለችውን ደግሞ ብላሻለች አልልም። መጥተሽ ከራሷ ተቀበይ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ በፊት በኩል ካለው ፀጉር ቤት
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል